ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት ዴሲቤሉን ቁጠሩ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ሆኖ የሬዲዮ ቦርድ መንደፍ

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ኤሌክትሮኒክስ ለሚነካካ ሰው ሂሳቡ ሁሉ ተገለባብጧል። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ ከዚያም በኋላ መውጣቱን አላቆመም። ቻይና ታትሞ የሚመጣ ቦርድ (ዕቃዎቹ የሚበየዱበት ሰሌዳ) ከነማጓጓዣው 30 ዶላር ነው እንበል። በድሮው ሂሳብ 1,710 ብር ነው። ዶላሩን 150 ብር ብላችሁ ብታስቡት 4,500 ብር ይሆናል። ለተማሪ፣ ወይም ቀን ፒያሳ ሞባይል እየጠገነ ማታ ለራሱ ለሚሞክር ልጅ ይሄ ከባድ ገንዘብ ነው። ቦርዱ ሲመጣ አልሠራ ካለ ደግሞ ያው ወጪ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ፍላጎቱ ግን አልቀነሰም። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማሩትም፣ ደሴ ጥገና ቤት የሚውሉትም የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው። «ተራው ቦርድ ለሬዲዮ አይሆንም ይባላል፤ ውዱን መግዛት ካልቻልን መሞከሩ ምን ዋጋ አለው?»

ዋጋ አለው። ውዱ ቦርድ ለአብዛኛው ሥራችሁ አያስፈልግም። ሲግናል የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ሰው በሚፈራው ቦታ አይደለም፤ በኬብሉ ነው፣ በግራውንዱ (ጅረቱ በሚመለስበት የጋራ መዳብ) ነው፣ ሳይለካ በታለፈው ነገር ነው። ስለዚህ ብሩን ከማውጣት በፊት ዴሲቤሉ የት የት እንደሚሄድ ወረቀት ላይ ማስፈር ያስፈልጋል። ይሄ ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር የሚለው ይሄንኑ ነው።

ዴሲቤል ለማታውቁ፦ 3 ዴሲቤል ጠፋ ማለት የሲግናሉ ግማሽ ጉልበት ሄደ ማለት ነው። 1 ዴሲቤል ሲሆን አንድ አምስተኛው ይሄዳል። 0.1 ዴሲቤል ደግሞ 2 በመቶ ብቻ ነው። እነዚህን ሦስቱን በቃላችሁ ከያዛችሁ ቀሪው መደመርና መቀነስ ነው።

ሽቦው ሽቦ መሆኑ የሚያበቃው የት ላይ ነው?

ተራ ቦርድ ስንሠራ መስመሩ ከዚህ ጫፍ እዚያ ጫፍ አንድ ቮልቴጅ ነው ብለን እናልፋለን። ፍሪኩዌንሲው ሲጨምር ይሄ አይሠራም፤ የሞገዱ ርዝመት ከመስመሩ ርዝመት ጋር መቀራረብ ይጀምራል። 433 ሜጋኸርዝ ላይ ሞገዱ በአየር 69 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ኤፍአር-4 በሚባለው የተለመደው አረንጓዴ ቦርድ ላይ ሲሄድ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ 38 ሳንቲሜትር አካባቢ ይሆናል። ዋይፋይና ብሉቱዝ ያሉበት 2.45 ጊጋኸርዝ ላይ በአየር 12 ሳንቲሜትር ነው፤ ቦርድ ላይ ወደ 7 ይወርዳል።

የሙያው ሰዎች የሚከተሉት አንድ ልማድ አለ። መስመሩ ከሞገዱ አንድ አሥረኛ ካጠረ ብዙም አያስጨንቅም። ከረዘመ ግን ስፋቱ መሰላት አለበት። እንግዲህ 433 ላይ እስከ 3 ወይም 4 ሳንቲሜትር ድረስ ትንፋሽ አላችሁ። 2.45 ላይ ግን 7 ሚሊሜትር ካለፈ ማስላት ግድ ነው።

ከዚህ የሚወጣው የመጀመሪያ ምክር አምስት ሳንቲም አያስወጣም፤ አሳጥሩ። አይሲውን አንቴናው ከሚገባበት ኮኔክተር አጠገብ አድርጉት። ቦርዱ እንዲያምር ተብሎ ኮኔክተሩ አንድ ዳር፣ አይሲው ሌላ ዳር ሲቀመጥ ሳያስፈልግ የተፈጠረ ችግር ነው።

ኤፍአር-4 የሚከሰስባቸው ሁለት ነገሮች

አንደኛው ክስ ጉልበት ይበላል የሚል ነው። እውነት አለው። የብክነት ቁጥሩ 0.02 ገደማ ነው፤ ሮጀርስ 4350 የሚባለው ውዱ ቦርድ ግን 0.0037 ነው። ከአምስት እጥፍ በላይ ልዩነት ማለት ነው፤ ይሄን ያየ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። አሁን ወደ ዴሲቤል እንለውጠው። ኤፍአር-4 ላይ ሞገዱ አንድ ሙሉ ርዝመቱን ሲጓዝ ቦርዱ የሚበላው ግማሽ ዴሲቤል ገደማ ነው። 433 ላይ አንድ ሙሉ ርዝመት 38 ሳንቲሜትር ነው ብለናል። የእናንተ መስመር 3 ሳንቲሜትር ቢሆን መዳቡ የሚበላው ተጨምሮ እንኳ 0.1 ዴሲቤል አይሞላም። 2.45 ጊጋኸርዝ ላይ ያው 3 ሳንቲሜትር ወደ 0.3 ዴሲቤል ይጠጋል። 10 ጊጋኸርዝ ላይ ግን 1 ዴሲቤል ያልፋል፤ እዚያ ላይ ክሱ ትክክል ነው።

ሌላም የሚያስጠነቅቅ ቦታ አለ። ከመዳብ መስመር የሚሠራ ጠባብ ፊልተር (የሚፈለገውን ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ከሆነ ሞገዱ ውስጡ ብዙ ጊዜ ስለሚመላለስ ትንሿ ብክነት ትባዛለች። እንዲህ ዓይነት ፊልተር 2 ጊጋኸርዝ አካባቢ ኤፍአር-4 ላይ መሥራት አይመከርም። ያለቀለት ሴራሚክ ወይም ሶው ፊልተር ገዝቶ መለጠፍ ይሻላል፤ ዋጋውም ያን ያህል አይከብድም።

አሁን ያንን 0.3 ዴሲቤል ከኬብሉ ጋር አስተያዩት። አርጂ-58 የሚባለው ቀጭን ጥቁር ኬብል 1 ጊጋኸርዝ ላይ በ10 ሜትር 6 ዴሲቤል ገደማ ይበላል። ከጣሪያ ላይ ከመጣው ሲግናል ሦስት አራተኛው መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። በሌላ በኩል አርጂ-6፣ ማለትም የትኛውም የዲሽ ዕቃ ሱቅ በሜትር እየቆረጠ የሚሸጠው ነጭ ወይም ጥቁር ኬብል፣ ለዚያው 10 ሜትር 2 ዴሲቤል አካባቢ ነው የሚወስደው። «እሱ 75 ኦም ነው፣ የሬዲዮ ዕቃ 50 ኦም ነው፤ አይገጥምም» ይባላል። ኦሙ ኬብሉ ለሞገዱ የሚያሳየው ተቃውሞ ነው፤ ኢምፒዳንስ ይሉታል። አይገጥምም፣ እውነት ነው። ግን በቁጥር ሲታይ መጋጠሚያው ላይ የሚመለሰው ጉልበት 4 በመቶ ነው፤ 0.18 ዴሲቤል። 4 ዴሲቤል ለማትረፍ 0.18 መክፈል ማን ይጠላል? ለመቀበያ ሥራ ደሴ ውስጥ ከዚህ የተሻለ የኬብል ምርጫ አይታየኝም።

ሁለተኛው ክስ የኤፍአር-4 ዳይኤሌክትሪክ ቁጥር፣ ማለትም ቦርዱ ሞገዱን ምን ያህል እንደሚያዘገይ የሚናገረው ቁጥር፣ አይታመንም የሚል ነው። አንዱ አምራች 4.2 ይላል፣ ሌላው 4.6። እሺ፣ ልዩነቱ ወደ 10 በመቶ ነው። የመስመሩ ኢምፒዳንስ ግን የሚቀየረው በካሬ ሥሩ ስለሆነ ለውጡ 4 በመቶ ገደማ ነው፤ 50 ኦም ያላችሁት 52 ወይም 48 ይሆናል። ከዚህ የሚመለሰው ጉልበት ከአንድ በመቶ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። አብሽሩ፣ በዚህ የተነሳ የሚሞት ቦርድ የለም።

ስለ 50 ኦም ስናወራ፣ ስፋቱ ላይ አንድ ጥሩ ዜና አለ። ቦርዱ 1.6 ሚሊሜትር ውፍረት ኖሮት ከሥሩ ሙሉ ግራውንድ ካለ፣ 50 ኦም የሚሰጠው መስመር 3 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል። ባለ 0.8 ሚሊሜትር ቦርድ ከሆነ 1.5 ገደማ ይሆናል። 3 ሚሊሜትር ትልቅ ነው፤ ከአይሲው እግር ጋር ሲያዩት ያስቃል። ግን ቤት ውስጥ በአሲድ ለሚያጥብ ሰው ይሄ ስፋት ስጦታ ነው። አሲዱ ከዳርና ዳሩ በድምሩ 0.1 ሚሊሜትር ቢበላባችሁ ኢምፒዳንሱ 1 ኦም ገደማ ቢነቃነቅ ነው። ባለ አራት ንብርብር ቦርድ ላይ፣ ግራውንዱ ከመስመሩ ሥር 0.2 ሚሊሜትር ብቻ ሲርቅ፣ ስፋቱ 0.35 አካባቢ ይወርዳል። እዚያ ላይ 0.05 ሚሊሜትር ስህተት በእጅጉ ይሰማል፤ ስለዚህ ያ የፋብሪካ ሥራ ነው። ኪካድ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ውስጥ ይሄን ሁሉ የሚያሰላ ማስያ አለ። ውፍረቱን፣ ዳይኤሌክትሪኩንና ፍሪኩዌንሲውን ስትሞሉለት ስፋቱን ይነግራችኋል። ከመስመሩ ግራና ቀኝ ግራውንድ አስጠግታችሁ ብትሠሩ ስፋቱ ይቀንሳል፤ ከአይሲው እግር ጋር ለማገናኘትም ይቀላል። ማስያው ይሄንንም ይሠራል።

ቦርድ የሚገለው ግራውንድ ነው

ሰው የቦርዱን ዓይነት ሲከራከር ይውልና ግራውንዱን በተረፈው ቦታ ይሞላዋል። እኔ ብጠየቅ ቅደም ተከተሉን እገለብጠው ነበር። መጀመሪያ ግራውንድ፣ ከዚያ ሌላው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጅረት ሄዶ መመለስ አለበት። በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚመለሰው ባገኘው ሰፊ መንገድ ነው። ከፍ ሲል ግን ልክ ከመስመሩ ሥር ተለጥፎ ይመለሳል፤ ኢንዳክታንሱ (የጅረቱን መቀያየር የሚገታው ባሕርይ) ትንሽ የሚሆነው እዚያ ስለሆነ ነው። አሁን እናንተ ከታች ባለው ግራውንድ ላይ የ5 ቮልት መስመር አሻግራችሁ አሳለፋችሁ እንበል። ግራውንዱ ተሰነጠቀ። ሐረጎ ላይ መንገዱ ቢቆረጥ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርደው መኪና ምን ያህል እንደሚዞር አስቡት፤ ጅረቱም እንደዚያው ስንጥቁን ዞሮ ነው የሚመጣው። ያ ዙሪያ ጥምጥም አንቴና ይሆናል። ማጉያው የራሱን ድምፅ መልሶ ይሰማና ማወዛወዝ ይጀምራል፤ ከዚያ «አይሲው ፎርጅድ ነው» ተብሎ ሌላ አይሲ ይገዛል። የተበላሸው ግን የቦርዱ ሥዕል፣ ንድፉ ነው።

ስለዚህ ባለ ሁለት ፊት ቦርድ ከሆነ የታችኛውን ፊት ሙሉ በሙሉ ለግራውንድ ተዉለት። የኃይል መስመሩን ከላይ አሳልፉ። መሻገር ግድ ከሆነ ዜሮ ኦም ሬዚስተር እንደ ድልድይ ከላይ አስቀምጡና ተሻገሩ። ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ቀጥሎ ቀዳዳዎቹ። ከላይኛው ግራውንድ ወደ ታችኛው የሚወርድ አንድ ቀዳዳ፣ በ1.6 ሚሊሜትር ቦርድ ውስጥ፣ 1 ናኖሄንሪ ገደማ ኢንዳክታንስ አለው። 433 ሜጋኸርዝ ላይ ይሄ ከ3 ኦም በታች ነው። 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ 15 ኦም ይሆናል። 15 ኦም ላይ የተቀመጠ «ግራውንድ» ግራውንድ አይባልም። መፍትሔው ማብዛት ነው። ከእያንዳንዱ ግራውንድ እግር አጠገብ አራት አምስት ቀዳዳ አስቀምጡ፤ ጎን ለጎን ሲሆኑ ኢንዳክታንሱ ይከፋፈላል። ፋብሪካ ሲሠራው በተለመደው ዋጋ ውስጥ ቀዳዳ ስለበዛ አያስከፍላችሁም። ቤት ስትሠሩ ደግሞ ቀጭን የመዳብ ሽቦ በቀዳዳው አስገብታችሁ ሁለቱንም ፊት መበየድ ነው። አድካሚ ነው፣ አልዋሽም። ግን ከሬዲዮ ቦርድ ሥራ ውስጥ ድካሙን የሚከፍል አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው። የቦርዱን ጠርዝ በመዳብ ፎይል ጠቅልሎ ላይና ታቹን መበየድም በጣም ይረዳል።

ካፓሲተሩም ከዚሁ ጋር ይታያል። ብዙ ሰው ለኃይል ማጣሪያ ከልማድ 100 ናኖፋራድ ያስቀምጣል። 1 ናኖሄንሪ የእግርና የመስመር ኢንዳክታንስ ሲጨመርበት ያ ካፓሲተር ከ16 ሜጋኸርዝ ገደማ በላይ ካፓሲተርነቱ እየቀረ ኮይል እየሆነ ይሄዳል። 100 ፒኮፋራድ ቢሆን እስከ 500 ሜጋኸርዝ ድረስ ይሠራል። ስለዚህ ለአይሲው እግር የቀረበው ትንሹ ይሁን፣ ትልቁ ከኋላው። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው።

የተጣለው ኤልኤንቢ ውስጥ ያለው ትምህርት

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ ደሴ ላይ ከየጣሪያው የሚወርድ አሮጌ ኤልኤንቢ፣ ማለትም ከዲሹ ፊት የሚቆመው መቀበያ ጭንቅላት፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። የዲሽ ሠራተኞችን ብትጠይቁ የተበላሸውን በነፃ ወይም በጣም በትንሽ ብር ይሰጧችኋል። የፕላስቲክ ሽፋኑን አንሱት፣ የብረት ክዳኑን ቡሎኖች ፍቱ። ውስጡ ከ10.7 ጊጋኸርዝ በላይ የሚሠራ ሙሉ የሬዲዮ ቦርድ አለ፤ በባለሙያ የተነደፈ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር የተመረተ።

ቀስ ብላችሁ ተመልከቱት። ከአንቴናዋ መርፌ እስከ መጀመሪያዋ ትራንዚስተር ያለው ርቀት ምን ያህል አጭር እንደሆነ እዩ። ይሄ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ማጉያ በፊት የሚጠፋ እያንዳንዱ ዴሲቤል በቀጥታ የመቀበያው ጫጫታ (ኖይዝ) ላይ ይደመራል፤ በኋላ በማጉላት አይመለስም። ከትራንዚስተሯ ግራና ቀኝ ያሉት ቀዳዳዎች ስንት እንደሆኑ ቁጠሩ። የማራገቢያ ቅርፅ ያለው መዳብ ታያላችሁ፤ እሱ ካፓሲተር ሳይገዛ የተሠራ ካፓሲተር ነው፤ የኃይል መስመሩ ላይ ሲግናል እንዳያልፍ ወደ ግራውንድ ያሳጥረዋል። ጎን ለጎን ተጠጋግተው ግን ሳይነካኩ የተደረደሩት መስመሮች ፊልተር ናቸው። ክዳኑ ራሱ ክፍል ክፍል ሆኖ የተቀረፀው አንዱ ደረጃ ሌላውን እንዳይሰማው ነው።

እዚያ ላይ ቦርዱ ኤፍአር-4 እንዳልሆነም ልብ በሉ፤ ብክነቱ አነስተኛ የሆነ ሌላ ዓይነት ነው። 10 ጊጋኸርዝ ላይ ነዋ። ከኤልኤንቢው በኋላ ግን ሲግናሉ ወደ 950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ስለሚወርድ በርካሹ አርጂ-6 ወደ ቤት ይገባል። ውዱን ነገር ግዴታ በሆነበት ሁለት ሳንቲሜትር ላይ ብቻ አውጥተው፣ ቀሪውን በርካሽ ነው የጨረሱት። የነደፉት ሰዎች እኔ የምለውን የዴሲቤል ሂሳብ ነው የሠሩት።

መጀመሪያ የሚገዛው መለኪያ ነው

ያላችሁ ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ናኖቪኤንኤ ግዙ። ከ50 እስከ 100 ዶላር አካባቢ የሚገኝ፣ በኪስ የሚያዝ መለኪያ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ከ50 ኪሎኸርዝ እስከ 900 ሜጋኸርዝ ይለካል፤ በኋላ የመጣው ሁለተኛው ትውልድ እስከ 3 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። ስንት ጉልበት ገባ፣ ስንቱ ተመልሶ መጣ፣ በስንት ኦም፤ ይሄን ሁሉ ስክሪን ላይ ያሳያል። ከአሥርና አሥራ አምስት ዓመት በፊት ይሄን ለማየት ትልቅ ላቦራቶሪ መግባት ግድ ነበር።

ለአንድ ሰው 100 ዶላር ከብዶ ይሆናል። ለአራት ለአምስት ሲሆን ግን ይቻላል፤ በየቀኑ የሚያስፈልግ ዕቃም ስላልሆነ እየተዘዋወረ ይሠራል። ሂሳቡን ደግሞ እንዲህ እዩት። ያለ መለኪያ የሚሠራ ሰው ቦርዱ ካልሠራ ለምን እንዳልሠራ ስለማያውቅ እየገመተ እንደገና ያዛል። እያንዳንዱ ግምት ከላይ ያሰላነው 4,500 ብር ነው። ሁለት ሦስት ግምት ያዳነ መለኪያ ዋጋውን መለሰ ማለት ይቻላል።

ስትጠቀሙበት ካሊብሬሽኑን (ከመለካት በፊት መለኪያውን ማስተካከሉን) አትዝለሉ። ክፍት፣ አጭር ዙርና 50 ኦም የሚባሉት ሦስቱ ትንንሽ ዕቃዎች ከመለኪያው ጋር ይመጣሉ። ኬብሉን ካያያዛችሁ በኋላ ጫፉ ላይ አድርጉት፤ አለዚያ የምትለኩት የኬብሉን ፀባይ ነው። ቦርዱን ስትነድፉም ጠርዙ ላይ ትንሽ ቦታ ቆጥባችሁ ምንም ያልተለጠፈበት አንድ ባዶ 50 ኦም መስመር አስቀምጡ። የመጣው ቦርድ ያሰባችሁት ዓይነት መሆኑን እሱን በመለካት ብቻ ታውቁታላችሁ። የቦታው ዋጋ ከምንም አይቆጠርም፤ የሚሰጣችሁ መረጃ ግን ለሚቀጥሉት ሥራዎች ሁሉ ያገለግላል።

አርቲኤል ኤስዲአር የምትባለው የዩኤስቢ መቀበያ ሁለተኛዋ ግዢ ትሁን። ከ24 ሜጋኸርዝ እስከ 1.7 ጊጋኸርዝ ገደማ ትሰማለች። የሠራችሁት ማጉያ የሚያወዛውዝ ከሆነ ላፕቶፑ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይታያችኋል። መብራት ሲጠፋ የምትጠቀሙበት ኢንቨርተር ወይም ርካሹ ቻርጀር የሚረጨውን ጫጫታም ታሳያችኋለች፤ እሱን ካያችሁ በኋላ መቀበያውን በባትሪ ለማሠራት የሚያሳምን ሰው አያስፈልጋችሁም።

ቤት ማጠብ ወይስ ማዘዝ?

እስከ 1 ጊጋኸርዝ ድረስ፣ እግሩ የማይበዛ አይሲ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ መሥራት በደንብ ይቻላል። ሥዕሉን በሌዘር ፕሪንተር አትሞ፣ በልብስ ካውያ መዳቡ ላይ አስተላልፎ፣ በፌሪክ ክሎራይድ ማጠብ ነው። ሰፊ መስመር ለዚህ እንደሚመች ከላይ ብያለሁ። ጓንት፣ መነጽርና አየር ያለው ቦታ የግድ ነው። ያገለገለውን አሲድ ቦይ ውስጥ አትድፉት። መዳብ የተቀላቀለበት ነው፤ ቦዩ ቦርከና ይገባል፣ ከቦርከና ደግሞ ከብት ይጠጣል፣ ማሳም ይጠጣል። በፕላስቲክ ጀሪካን አጠራቅሙት፤ ፌሪክ ክሎራይድ ደጋግሞ ስለሚሠራ ቶሎም አያልቅም።

ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ባለ አራት ንብርብር ከፈለጋችሁ ማዘዙ ይሻላል። የቦርዱ ዋጋ ራሱ ትንሽ ነው፤ ብሩን የሚበላው ማጓጓዣው ነው። ስለዚህ ተጠራርታችሁ የሦስት የአራት ሰው ሥራ በአንድ ትዕዛዝ ላኩ። ከመላኩ በፊት ሥዕሉን አንዱ የሌላውን ይይለት። በልኩ አትማችሁ፣ ወረቀቱ ላይ ዕቃዎቹን አስቀምጣችሁ እዩት፤ የኮኔክተር እግር አለመግጠም ወረቀት ላይ ሲገኝ በነፃ ነው፣ ቦርድ ላይ ሲገኝ በዶላር ነው።

ስለ ማስተላለፍ አንድ ነገር ልበል። መቀበያ መሥራትና ወደ አየር መልቀቅ አንድ አይደሉም። ፍሪኩዌንሲን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ማስተላለፊያ ልትሠሩ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ እነሱን ጠይቁ። እስከዚያው ማስተላለፊያውን አንቴና ላይ ሳይሆን ጉልበቱን ወደ ሙቀት በሚለውጥ 50 ኦም መጫኛ ላይ አስራችሁ መሞከር ይቻላል። አማተር ሬዲዮ (በትርፍ ጊዜ ለፍላጎት የሚሠራ ሬዲዮ) ውስጥ በሥርዓቱ መግባት ለሚፈልግ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 5 ኪሎ ግቢ ውስጥ ኢቲ3ኤኤ የሚባለው የክለብ ጣቢያ አለ።

የመጀመሪያዋ ቦርድ

ለጀማሪ የምመክራት ቦርድ የምትቀበል እንጂ ወደ አየር የምትለቅ አይደለችም፣ ዕቃዋም በጣት የሚቆጠር ነው። ኳታር በኅዳር 2018 እ.ኤ.አ. ያመጠቀችው ኤስሃይል-2 የሚባል ሳተላይት አለ፤ ከምድር ወገብ በላይ 26 ዲግሪ ምሥራቅ አካባቢ የቆመ። ከቴሌቪዥኑ ሌላ ለአማተር ሬዲዮ የተሰጠ ክፍል አለው፤ ከብራዚል እስከ ታይላንድ ያሉ ሰዎች በእሱ ይነጋገራሉ። ለደሴ ሰው ደግሞ አመቺ ቦታ ላይ ነው። ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ 70 ዲግሪ ገደማ ቀና ብሎ ስለሚገኝ ጦሳ ራሱ አይጋርደውም። ናይልሳት ወደ ምዕራብ ዝቅ ብሎ ነው ያለው፤ ይሄኛው ግን ከአናታችሁ ብዙም አይርቅም።

የአማተሮቹ ጠባብ ክፍል የሚወርደው ከ10489.5 እስከ 10490 ሜጋኸርዝ ነው። የተለመደው ኤልኤንቢ ከዚህ ላይ 9750 ሲቀንስ ከ739.5 እስከ 740 ይቀራል። አርቲኤል ኤስዲአሯ ይሄን ትሰማለች። የጎደለው ኤልኤንቢውን በዚያው ኬብል ኃይል የሚመግብ፣ ሲግናሉን ደግሞ ለይቶ ወደ መቀበያው የሚያሳልፍ ትንሽ ቦርድ ነው። ባያስ ቲ ይሉታል።

ሲግናሉ የሚያልፍበት አንድ 100 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ነው፤ 740 ሜጋኸርዝ ላይ 2 ኦም ገደማ ስለሆነ ሲግናሉ እንደሌለ ቆጥሮ ያልፈዋል፤ ቮልቴጁን ግን ያግዳል። ባለ 50 ቮልት ይሁን። ይሄ ካፓሲተር አጭር ዙር ከሆነ መቀበያዋ ወዲያው ስለምትቃጠል ሳታያይዙ በፊት በመልቲሜትር አረጋግጡ። ኃይሉ የሚገባው በ100 ናኖሄንሪ ኮይል በኩል ነው፤ እሱ 740 ላይ ከ460 ኦም በላይ ስለሆነ ሲግናሉ ወደ ባትሪው አይሸሽም። እስከ 200 ሚሊአምፔር የሚሸከም ኮይል ምረጡ። ከኮይሉ ኋላ አንድ 1 ናኖፋራድና አንድ 100 ናኖፋራድ ወደ ግራውንድ። በዚህ ፍሪኩዌንሲ ቦርድ ላይ ያለው ሞገድ 22 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሆነ መስመሩ 2 ሳንቲሜትር ካልሞላ ስፋቱ ቢሳሳት እንኳ አይጎዳም፤ ለዚህም ነው ለመጀመሪያ የመረጥኳት። በኤልኤንቢው በኩል የዲሹ ኤፍ ኮኔክተር፣ በመቀበያው በኩል ኤስኤምኤ የሚባለው ትንሹ ኮኔክተር።

ቦርዱን ከበየዳችሁ በኋላ ናኖቪኤንኤው ላይ ግራና ቀኙን አስራችሁ 740 ላይ ስንት ዴሲቤል እንደሚጠፋ እዩ። ኃይል ሳትሰጡ ነው ታዲያ። ከግማሽ ዴሲቤል በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ መጀመሪያ ግራውንዱን ተመልከቱ፣ ከዚያ ኮይሉን።

የሚፈለገው ምልክት ሞገዱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዝ (ቨርቲካል ፖላራይዜሽን) ስለሆነ ኤልኤንቢው 13 ቮልት ነው የሚጠይቀው፤ 12 ቮልት የመኪና ወይም የሞተር ባትሪ ይበቃዋል። ዲሹ 80 ወይም 90 ሳንቲሜትር የሆነ የቤት ዲሽ ይሆናል። ኤልኤንቢው ክሪስታል ያለው አዲሱ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ አሮጌዎቹ ፀሐይ ሲመታቸው በሜጋኸርዝ ይንሸራተታሉ፣ አዲሶቹ ግን በኪሎኸርዝ ብቻ። የክፍሉ መጀመሪያ ላይ ያለማቋረጥ የሚላክ የሞርስ ምልክት አለ። እሱን ስታገኙ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ከ739.5 ምን ያህል እንደራቀ መዝግቡና ልዩነቱን ሶፍትዌሩ ውስጥ አስገቡት። ጠዋት የመዘገባችሁት ቁጥር ቀትር ላይ ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ ኤልኤንቢው እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቃችሁ ብታስተካክሉት ይሻላል።